ድራሙ የሚቆምበት ቦታ

ግንቦት ልደታ በመጣ ቁጥር እዚህ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የማያልቅ ክርክር አለ። ንፍሮው ደጅ ነው መቀቀል ያለበት የሚሉ አሉ፤ ጥበቃው ደግሞ ግቢ ውስጥ እሳት ክልክል ነው ይላል። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀቀልና በድስት ተሸክመው ወደ ታች ያወርዱታል። ልደታ ማርያም ይቅር ትበለን እንጂ ይሄ ደጅ ተቀቀለ አይባልም። ዘንድሮም እንደዚያው ሆነ። ባቄላውና ስንዴው እየተነነ ሲወርድ እኔም ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩና አንዱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ግን ለዚህ ቀን እወርዳለሁ። ይህን ሽታ በደስታ ካሸተትኩት ስንት ዘመኔ ነው፤ ቢሆንም ቀርቼ አላውቅም።

አንደኛ ፎቅ የሚኖር ናትናኤል የሚባል የባንክ ሠራተኛ አለ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ዘንቢል ይዤ ካየኝ ሳይቀበለኝ አያልፍም። ስልኩንና አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «እትዬ ብርቄ፣ ይቺን ይስሟትማ» አለኝ። ከፈተው። ጊታር ነው። ገና ከመጀመሩ አወቅኩት፤ የያዝኩት ንፍሮ እጄ ላይ ቀረ። «የኛው ሰፈር ሰው ነው አሉ የሠራው፣ ከጌጃ ሰፈር» አለ ናትናኤል። «ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው። ዘፈን እንኳን የለውም፣ ዝም ብሎ መሣሪያ። ፈረንጆቹ ኢንተርኔት ላይ አብደውለታል። ከሁሉም ከሁሉም ግን ድራሙ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ እንኳን አይስትም እኮ!» ምን ልበለው? ማሽን ምኑን ይስታል፣ ማሽን ነው ልበለው? ጊታሩን የሚመታው ወንድሜ ነው፣ ከማሽኑ ሥር ተቀብሮ የሚሰማው ደግሞ ሌላው ወንድሜ ነው ልበለው? በበዓል ቀን? «ንፍሮህን ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩት። እሱ በላ፤ እኔ ግን ወደ ድሮው ሰፈራችን ሄድኩ።

ድሮ የምለው ሩቅ አይደለም፤ ቦታውም እዚሁ ነው። አሁን ሕንፃዎቹ የተገተሩበት ላይ የኛ የቀበሌ ቤት ነበረ፤ ጭቃ ቤት፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ የአባታችን የእንጨት ሥራ ቤት። አባታችን ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ በእንጨት ያደገ ሰው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላም ሥራ ቤቱ ሰጋቱራ ሰጋቱራ፣ ኮላ ኮላ መሽተቱን አልተወም። ከሥራ ቤቱ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የጋሽ ሰይድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ሁሌ ሽርጥ መሳይ ነገር ጣል አድርጎ፣ በሩ ላይ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አቁሞ ሰፈሩን በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ የሚቀሰቅስ። አዲስ ካሴት የወጣ ቀን የሚጫወተው ያንኑ አንዱን ብቻ ነው፤ እስኪመሽ አሥር ጊዜ ይሁን ሃያ ጊዜ ይገለበጣል። አጠገቡ ያለው ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን በዘፈኑ ምት ይረግጥ ነበርና የፈጠነ ዘፈን ሲወጣ ሱሪያችን ቶሎ ይደርሳል፣ የትዝታ ቅኝት ሲሆን ይዘገያል እያልን እንስቅ ነበር።

ያኔ ታክሲ በሳንቲም ነበር የሚሳፈሩት፤ ከልደታ ሜክሲኮ የሚከፈለው ዛሬ ለለማኝ ቢሰጡት ይሰድባል። አንድ ካሴት የሚገዛበት ብር ደግሞ ዛሬ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። እኔ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ኮት፣ ከጉልበት የወረደ ሽንሽን ቀሚስ፣ ከመርካቶ የተገዛ ጫማ፤ ስሄድ ኮቴዬ ከሩቅ ይሰማል። ሰንጋ ተራ በኩል አቋርጬ ስመጣ ወጣቶቹ «እትዬ፣ ትከሻሽን በሩ ይበቃዋል?» እያሉ ይለክፉኝ ነበር። እኔም ዝም የምል አልነበርኩም። ባል ፈትቼ እናቴ ቤት የተመለስኩ ሴት ስለነበርኩ ምላሴ ስል ነበር፤ አሁንም አልደነዘዘ።

ታላቅ ወንድሜ ዘርጋው ሆቴል ቤት የሚጫወት ጊታሪስት ነበር። ዘመኑ ያለፈበት ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ ፀጉሩን አሳድጎ ሲሄድ ሰው ዞሮ ያየዋል። ወጣት ሳለ አንድ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ አስተማሪ ጥሎለት የሄደው የሸክላ ክምር ነበረው፤ ያ ክምር ነው ያበላሸው ይል ነበር አባታችን። በሸክላዎቹ ላይ ያለው ሙዚቃ አንዱ ገጽ ሙሉ አንድ ዜማ ብቻ ነው። ይጀምራል፣ ይረጋል፣ ይናደዳል፣ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ምቱ ተዛባ ስትል መልሶ ይገጥማል። እናታችን ግማሽ ሰዓት ያህል ትሰማና «እሺ፣ አሁን ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ትለዋለች። ዘርጋው በየምሽቱ ለሰከረ ሰው የሚጫወተው ሌላ፣ ልቡ ያለው ሌላ ነበር። አንድ ካሴት፣ በራሱ ስም፣ ዘፋኝ የሌለው፣ ጊታሩ እንደ ሰው የሚናገርበት፤ ሕልሙ ይሄ ብቻ ነበር። «ማን ይገዛዋል?» ስለው «አንድ ሰው ይግዛውና ይግባው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ያ አንድ ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ሳሙኤል ነበር፤ ሳሚ። እናታችን ሳሙዬ ነው የምትለው። እንደኛ ተጠብቆ የተወለደ አይደለም፤ እናታችን ወለድኩ ጨረስኩ ካለች በኋላ ድንገት የመጣ ነው። በአባታችን ባዶ የኮላ ቆርቆሮዎች ላይ ሲደበድብ አድጎ ድራመር ሆነ፤ ከዘርጋው ጋር አንድ ባንድ ውስጥ ገባ። የቆዳ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት የድራም እንጨቶች አሉ፤ ምግብ ሲጠብቅ ጠረጴዛውን፣ ታክሲ ሲጠብቅ ጉልበቱን ይመታል። «እታለም» ይለኝ ነበር እኔን። ጉንጬን በጣቱ እንደ ድራም መትቶ ይሮጣል። ትልቅ ሰው ሆኖም እንኳን ይህን አልተወም፤ መሥሪያ ቤት መጥቶ በአለቃዬ ፊት አድርጎኛል።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። በአንድ ዘመን ውስጥ ሁሉም ሆቴል ቤት ባንዱን አሰናበተና አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ቀጠረ። ምቱን ቁልፍ ይጫንለታል፣ ጡሩምባውን ቁልፍ ይጫንለታል፣ የድራመር ደመወዝ የለም። ዘርጋው ጊታር ስለሆነ ቆየ፤ መጀመሪያ የወጣው ሳሚ ነው። ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ የአባታችን ሥራ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሣጥን ሲደበድብ ይውላል። የድንበሩ ጦርነት የመጣው በዚያ ሰዓት ነው። የሰፈሩ ልጆች ሲመዘገቡ እሱም ተመዘገበ። እናታችን ደረቷን ደቃች፤ እኔ ተሳደብኩ። ዘርጋው ግን ሳሚ ከመሄዱ በፊት በነበረው እሁድ ከጓደኛው የተዋሰውን፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ የሚይዝ ባለ አራት ትራክ መቅረጫ አምጥቶ፣ ድራሙን ሥራ ቤቱ ውስጥ ተክሎ፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስና በማዳበሪያ ጆንያ ጋርዶ፣ ሳሚን ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ማታ አስመታው። ሳሚም «ስመለስ የቀረውን እጨርስልሃለሁ» ብሎት ሄደ። ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ስመጣ ዘርጋው መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አስገባኝና ሻዩን ሳይነካ ነገረኝ። ከሳሚ ጋር የሄደ የሰፈራችን ልጅ በክራንች ተመልሷል፤ ዘርጋውን ፈልጎ አግኝቶ በዓይኑ ያየውን ነግሮታል። ሳሚ የለም። ጥቅምት ላይ ነው የሞተው፤ ልጁ ራሱ ነው አፈር ያለበሰው። እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ መሐረቤን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ዘርጋው አላለቀሰም። «እማዬን እንዴት እናድርግ?» አለኝ።

መርዶ አንድ ሰው ብቻውን ተነስቶ የሚነግረው ነገር አይደለም። የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ገና ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው፣ ሴቶቹ ከኋላቸው ቆመው ነው የሚያረዱት። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ እያወቀ ይስቃል። እናም ሁለታችን የእድሩ ዳኛ ዘንድ፣ አባባ ወልዴ ዘንድ ሄድን። አባባ ወልዴ ከአባታችን ጋር ከአንድ አገር የመጡ፣ ምርኩዛቸውን የማይለቁ፣ የታፈሩ ሰው ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ «ወረቀት መጥቷል?» አሉ። አልመጣም። «የመንግሥት ወረቀት ሳይመጣማ አናረዳም፣ ልጆቼ። ልጁ መስሎት ሊሆን ይችላል። ስንቱ ተማርኮ ነው ሞተ የተባለው? እናት አልቅሳ፣ ተዝካር አውጥታ፣ ልጅየው በር ሲያንኳኳ ምን ልንላት ነው?» ዘርጋው «አባባ፣ በእጁ ነው የቀበረው» ቢል «ወረቀቱ ይምጣ» ብለው ጨረሱት። ክፋት የላቸውም፤ እንዲያውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኛም ተስማምተን ወጣን። ማን ያውቃል የሚለው ነገር እኮ ጣፋጭ ነው።

ወረቀቱ ግን አልመጣም። ወር አልፎ ወር መጣ። እናታችን በየጠዋቱ ልደታ ተሳልማ ትመለስና «ዛሬ ልቤ ደስ ብሎታል፤ ደኅና ነው ማለት ነው» ትላለች። እኔ «አዎ እማዬ» እላታለሁ። ለፋሲካ ነጭ ሹራብ ገዝታ አስቀመጠችለት። ስትመርጥ አብሬያት ነበርኩ፤ ባለሱቁ «ሰውነቱ እንዴት ነው?» ሲል «ከስቶ ይሆናል፣ ጠበብ ያለ ይሁን» አለችው። ያን ቀን ቤት ገብቼ ሽንት ቤት ውስጥ ነው ያለቀስኩት። ሰው ሲሞትበት ማልቀስ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ዘርጋው ሆቴሉን ተወ። ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ቤቱ ውስጥ ይገባና ራሱን ይዘጋል። ሳሚ በዚያ እሁድ የመታውን ድራም እየከፈተ፣ በላዩ ጊታሩን ይቀርጻል። ያጠፋዋል፣ እንደገና ይቀርጻል። አንዱን ቦታ ሦስት ሳምንት የደጋገመ ይመስለኛል። የሥራ ቤቱ ግድግዳ ሳንቃ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሁሉም ይሰማናል፤ እናታችን ሽሮ እየነፋች፣ እኔ ቀሚሴን እየተኮስኩ እየሰማን ነው የከረምነው። አንድ ቅዳሜ «ብርቄ፣ ነይ» ብሎ ጠራኝ። ሰጋቱራ ጆንያ ላይ አስቀመጠኝና ከመጀመሪያው ከፈተልኝ።

እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ የእሱ ሙዚቃ ራስ ምታት ነበር የሚያመጣብኝ። ያን ቀን ግን ሳሚ አለበት። ጉንጬን የመታበት ጣት፣ የኮላ ቆርቆሮው፣ ሁሉም አለበት። ጊታሩ ከድራሙ ጋር ይሽቀዳደማል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፤ ሁለት ወንድማማቾች ግቢ ውስጥ ሲላፉ የሚመስል ነገር ነው። የካሴቱ የመጀመሪያ ገጽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ምቱ እየጋለ፣ እየጋለ መጣና በመሀል፣ እጅ እንደተነሳ፣ ቆመ። አልቀነሰም፤ ቆመ። ጊታሩ ግን አልቆመም። ካሴቱ ተገለበጠ። ሁለተኛው ገጽ በሙሉ ጊታር ብቻ ነው፤ ያውም ብቻውን እንደሆነ ሰው አይጫወትም። ትንሽ ይልና ድራሙ የሚገባበትን ቦታ ክፍት ይተዋል። ይጠብቃል። ማንም አይገባም። እንደገና ይላል፣ እንደገና ቦታ ይተዋል። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነው። ሲያልቅ ቀና ብዬ ሳየው ዘርጋው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። «ልቅሶ ከለከሉኝ» አለ። «ይሄን ግን ማንም አይከለክለኝም።» ወንድሜን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ሲያወራኝ የኖረው ነገር ገባኝ።

እናታችን መስማቷን አልቆጠርንም ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ «ዘርጋው፣ ያ ከበሮው ሲሄድ ሲሄድ የሚቆመው ለምንድን ነው? ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል» አለች። ዘርጋው ሻዩን እያማሰለ «ገና አላለቀም እማዬ። ሳሚ ሲመጣ ይጨርሰዋል» አላት። ሌላ ምን ሊላት ይችል ነበር? «አዎን፣ እጨርስልሃለሁ ብሎት ነበር» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፤ ደስ ብሏታል። ከዚያ በኋላ ሥራ ቤቱ ውስጥ ካሴቱ በተከፈተ ቁጥር እጇ ላይ የያዘችውን ሥራ ትተወው ነበር። ድራሙ ያቺ ቦታ ላይ ደርሶ ሲቆም «ገና ነው» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ካሴቱን ለማሳተም ዘርጋው ያልዞረበት ሙዚቃ ቤት የለም። ዘፋኙ የት አለ እያሉ መለሱት። በመጨረሻ የተቀበለው የራሳችን ጎረቤት ጋሽ ሰይድ ነው። ኪሳራ እንደሆነ እያወቀ፣ ለጎረቤት ብሎ። «ለግንቦት ልደታ አወጣልሃለሁ። ሰፈሩ ደጅ በሚወጣበት ቀን የሰፈሩን ልጅ ካሴት እናሰማለን» አለው። ዘርጋው ዋናውን ቅጂ ሰጠው፤ አንድ ግልባጭ ለቤት አስቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ጋሽ ሰይድ ራሱ ይዞት ሄደ።

የዚያን ዓመት ግንቦት ልደታ ድስቱ የተጣደው ሥራ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር፤ ሦስት ድንጋይ፣ እሳት፣ ሴቶቹ ዙሪያውን። ፀሐይ ጠልቃ ገና አልጨለመም። እናታችን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ድስቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አባባ ወልዴ ከሽማግሌዎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ናቸው። ዘርጋው አፍሮ ሥራ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ የታተመውን ካሴት እሱም ገና አልሰማውም። ጋሽ ሰይድ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «እንግዲህ የራሳችን ልጅ ነው፣ ስሙት!» አለና ከፈተው።

ጊታሩ ሲጀምር ሰው አጨበጨበ። ወዲያው ግን ዘርጋው ከበሩ ሲለይ አየሁት። ከሳሚ ድራም በላይ ሌላ ምት አለ፤ ደረቅ፣ እኩል፣ ሆቴል ቤት የምንሰማው የኪቦርድ ምት። የሳሚ እጅ ከሥሩ ራቅ ብሎ ይሰማል። እኔ አልገባኝም፤ ዘርጋው ምን ሆኖ ነው ይህን ያደረገው አልኩ። ሰው ንፍሮ እየበላ፣ ልጆች እየጨፈሩ፣ ካሴቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ያቺ ቦታ ደረሰች።

አልቆመም። ምቱ ቀጠለ።

እናታችን ከድስቱ አጠገብ ብድግ አለች። ንፍሮው ከጭኗ ላይ ተበተነ። «ብርቄ! አልቆመም እኮ!» አለች። «አልቆመም! ጨርሶታል! ልጄ መጥቷል፣ ደብቃችሁብኝ ነው!» ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልል አሉ። እሷ መንገዱን ሳታይ ተሻገረች፤ አንዱ ታክሲ ፍሬን ይዞ ጮኸ። ጋሽ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ገባች። እየተከተልኳት ነበርና ሁሉንም አየሁ። ባንኮኒው ጀርባ ጎንበስ ብላ አየች፤ የመጋዘኑን መጋረጃ ገለጠች። «ሳሙዬ! በል ውጣ፣ አትደበቅብኝ! ሳሙዬ!» እየሳቀች ነበር።

ዘርጋው ገባና ክንዷን ያዛት። «እማዬ፣ እሱ አይደለም።»

«ማነው ታዲያ?»

«ማሽን ነው። ኪቦርድ ነው።»

ጋሽ ሰይድ ካሴቱን አጠፋው። ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሱቁ ይመለከታል። እናታችን ዘርጋውን ወደ ላይ ቀና ብላ አየችው። «እሱስ?» አለች።

አባባ ወልዴ በምርኩዛቸው እየተንደረደሩ ደርሰው ነበር። «ዘርጋው! ተው ልጄ! እንዲህ አይደለም!» አሉ ከበሩ ላይ። እናታችን አልዞረችም። «እሱስ አልኩህ?»

«የለም፣ እማዬ» አለ ዘርጋው። «ሳሚ ከጥቅምት ጀምሮ የለም።»

እናቴ የጮኸችውን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። ከመጮኋ በፊት ግን ዞራ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን፤ አባባ ወልዴን፣ እኔን። ነጭ ሹራቡን አብሬያት የመረጥኩት እኔ መሆኔ ትዝ ሲላት ዓይኗ ላይ አየሁት።

ጋሽ ሰይድ ያን ሌሊትም፣ ከዚያ በኋላም የልቅሶው ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰውየው ምን አጠፋ? ድራሙ ሲቆም ሰምቶ፣ ሳሚ ዘምቶ ስለሄደ ጎድሎባቸው ነው ብሎ አሰበ። ለዘርጋው ስጦታ ይሁነው ብሎ ከኪሱ ከፍሎ አንድ ኪቦርዲስት አስመጣና የጎደለውን አስሞላ፤ እንዲመሳሰል ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደረበበት። «ሰው ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ እንዳይመልስባችሁ ብዬ ነው፤ አላህ ምስክሬ ነው» ይላል። እኛ ነን ያልነገርነው። ማንንም ልወቅስ አልችልም፤ ይሄ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ። ያ ማሽን ሳሚን ከሥራው አስወጣው፤ ሥራ ሲያጣ ዘመተ፤ ሞቶ እንኳን ባዶ ቦታውን ሊተውለት አልቻለም። እድሩ ደግሞ ወረቀት የሌለው ልቅሶ፣ ያውም በበዓል ቀን፣ ያውም በሱቅ ውስጥ የተረዳ እያለ አጉረመረመ። አባባ ወልዴ ናቸው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ድንኳኑን ትከሉ» ብለው ያስተከሉት። ወረቀቱ ሰው ሁሉ ከረሳው በኋላ መጣ።

ከመርዶው ቀን የቆጠርነው የሳሚ አርባ ካለፈ በኋላ እናታችን ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቁጭ ብላ «ያንን ካሴት አምጡልኝ» አለች። «የሰይድን አይደለም። የናንተን።» ዘርጋው አመጣው። ቴፑን ጭኗ አጠገብ አስቀመጠችና ሳሚ ሲመታ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ያቺ ቦታ ልትደርስ ስትል ንገረኝ» አለችው። ነገራት። «አቁመው።» አቆመው። «ከመጀመሪያው መልሰው።» ዘርጋው «እማዬ፣ ከዚያ በኋላም እኮ አለ» አላት። ያ ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ልቅሶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የነበረው ሥራ ነው። «እሱ የሌለበትን ምን ላደርገው ነው?» አለችው። ክፉ አስባ አይደለም።

ቴፕ ነክታ የማታውቅ ሴት ቁልፎቹን ለየች። የምትከፍተውን፣ የምትመልሰውን፣ የምታቆመውን። በኋላ በኋላ ማንም ሳይነግራት ያቺ ቦታ ልትደርስ ስትል ጣቷ ይነሳል፤ ድራሙ ሳይቆም እሷ ታቆመዋለች። በየቀኑ ነው። ቤቱ ሲፈርስ፣ የማሽኑ ካሴት በየሰዉ እጅ ተበትኖ ሲቀር፣ የጋሽ ሰይድ ሱቅም ከነዋናው ቅጂ ሲጠፋ፣ ሰፈሩ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ዕቃ በጫነችው ፒክአፕ ላይ ጋቢና ቁጭ ብላ ቴፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር። እዚህ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ስንገባም ሶኬቱ የት እንዳለ ነው መጀመሪያ የጠየቀችው። ዘርጋው ሊጠይቃት ሲመጣ ካሴቱ ተከፍቶ ከሆነ ኮሪደር ላይ ቆሞ እስክታቆመው ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ካሴት አልሠራም። ጊታር ያስተምራል፤ ይኖራል።

እናታችን ያረፈችው እዚሁ ቤት ነው፤ በእርጅና፣ በእንቅልፏ። ተዝካሯ ካለፈ በኋላ ዘርጋው መጥቶ ከአልጋዋ አጠገብ ያለውን ቴፕ ከፈተ። የመጀመሪያውን ገጽ አስገባ። ሹሹታ ብቻ ነው። ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ዓይነት፣ የጊታር ጭላንጭል አለ፤ ድራም የሚባል ነገር ግን የለም። ቴፑ ተበላሽቶ መስሎት ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክሮ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት ጠረገው። ጥጡ ቡናማ ሆነ። እንደገና ከፈተ፤ ያው ነው። ድምፁን የያዘው የካሴቱ ቡናማ ሽፋን ከመደጋገም ብዛት ተፍቆ አልቋል። ጥጡን በመዳፉ ይዞ ብዙ አየውና «ይዛው ሄዳለች» አለ።

ሊዘጋው ሲል እጁን ያዝኩት። «ሁለተኛውን ገጽ አዙረው» አልኩት። ትላንት የተቀረጸ ይመስል ነበር። ጥርት ያለ ነው፤ የጣቱ መፋተግ እንኳን ክር ላይ ይሰማል። ጊታሩ ትንሽ ይላል፣ ቦታ ይተዋል፣ ይጠብቃል። እኔና ዘርጋው የእናታችን አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማነው። ከሳሚ ልቅሶ ወዲህ ያ ካሴት በቤታችን ውስጥ እስከ መጨረሻው የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።